ስድስት ጠርሙስ ውሃ

ጉለሌ፣ ኅዳር 9 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለልጄ ለሠርካዲስ፤

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። እኔ በጌታ ቸርነት ቆሜ እሄዳለሁ፤ ጉልበቴ ብቻ ከእኔ ቀድሞ ይደክማል። በፖስታ የላክሽው ደብዳቤ ጠርዙ ተከፍቶ በሙጫ ተመልሶ ደረሰኝ። የከፈተው ሰው ምን እንዳለ አላውቅም፤ የውሃና የጠርሙስ ነገር ነውና ሰልችቶት ይሆናል። ባዶ ጠርሙሶቹን ደግሞ ከእናንተ ዘንድ ለእረፍት የመጣው ተማሪ ዳኜ ቤት ድረስ አምጥቶልኛል። ጨዋ ልጅ ነው።

«ብቻዎን ምን ይበላሉ» ላልሽኝ፣ ጎረቤታችን ብርነሽ አለች። ወጥ ስትሠራ አንድ ጭልፋ ለእኔ ትለያለች። «ጋሼ ዋቅቶላ፣ እርስዎ በረሃብ ቢሞቱ ሰው የሚያማው እኔን ነው» ትላለች። አፏን ታውቂዋለሽ። ያሳደገችሽ አክስትሽ ደሳለች ካረፈች አራት ዓመት ሊሞላት ነው፤ ቤቱ አሁንም በእሷ ልክ ነው የተቀመጠው፣ ምንም አላነሳሁም።

ሥራዬ ያው ነው። የባትሪ ድንጋይ ፋብሪካው ከተወረሰ ወዲህ ስሙና ማኅተሙ ተለወጠ እንጂ ጉድጓዶቹ እነዚያው ሁለቱ ናቸው። የማሽን ክፍሉ ሲታጠብ የሚወጣው ጥቁር ውሃ መጀመሪያ አንደኛው ጉድጓድ ይገባል፤ ጭቃው ይዘቅጣል። የተረፈው ወደ ሁለተኛው ያልፋል፤ ከዚያ በቧንቧ ወደ ወንዛችን ይወርዳል። እኔ ጭቃውን በአካፋ አወጣለሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ይኸው ነው። «ሜርኩሪ የሚሉትን ባዜቃን ከፋብሪካ ፍሳሽ ውስጥ እንዴት እንደሚያወጡት ነው የማጠናው» ብለሽ የጻፍሽውን ለሁለት ሰው አነበብኩላቸው። ባዜቃ ግቢያችን መኖሩን አውቅ ነበር፤ ዕቃው ላይ የራስ ቅል ተስሎበታል። ወደ ወንዙ ይሄዳል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

ስድስቱንም ጠርሙስ ሞልቻለሁ። ወረቀትሽ ላይ እንዳዘዝሽው ሁለቱን ከቧንቧው አፍ፣ ሁለቱን ሴቶቹ ልብስ ከሚያጥቡበት ድንጋይ ዘንድ፣ ሁለቱን ከድልድዩ ሥር ነው። እስከ አንገታቸው ሞልቼ፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጽፌ ዘግቻቸዋለሁ። በአስተማሪዎችሽ ፊት የሚያሳፍርሽ ነገር አልላክሁም፤ ንጹሕ አድርጌ ነው ያዘጋጀሁት። ዳኜ ሲመለስ ያደርስልሻል።

ጸሎት ቤታችን የቀበሌ መሰብሰቢያ አዳራሽ ሆኗል። አግዳሚ ወንበሮቹ እነዚያው ናቸው። ወዳጆቻችን ሐሙስ ሐሙስ በየቤቱ እየተፈራረቁ ሻይ ይጠጣሉ። ሻይ ነው።

ስለ አንቺ መንበርከኬን አላቋረጥኩም።

አሳዳጊሽ ዋቅቶላ


ድሬስደን፣ የካቲት 21 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለአባባ፤

እንዴት ሰነበቱልኝ? ይህን ያህል በመዘግየቴ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ላቦራቶሪው ውስጥ ውዬ ስወጣ እጄ ብዕር ለመያዝ ፈቃደኛ አይሆንም። ብርዱን አይጠይቁኝ፤ የለመድኩት መስሎኝ ነበር።

ስለ ጠርሙሶቹ ጠይቀውኛል። ሁሉም በደህና ደርሰዋል፣ አንድም አልተሰበረም። ውጤቱን ስነግርዎ እርስዎም እንደኔ ይገርምዎታል፤ ባዜቃ ከቧንቧው አፍ በተቀዳው እንኳ የለም ለማለት ይቻላል። መለኪያው ተሳስቶ ይሆናል ብዬ ሦስት ጊዜ ደገምኩት። አስተማሪዬ ቁጥሩን አይተው፣ «ይህ ሰው ጉድጓዱ ውስጥ ምንድን ነው የሚያደርገው?» አሉኝ። በየቀኑ ጭቃውን እንደሚያወጡ፣ አንድ ቀን ቀርተው እንደማያውቁ ነገርኳቸው። ያንኑ ጻፉት።

አሁን ምን ሆነ መሰለዎት፤ የመመረቂያ ጽሑፌ ግማሹ በእርስዎ ሁለት ጉድጓዶች ላይ ሆኗል። አገራችን ውድ የማጣሪያ መሣሪያ ከመግዛቷ በፊት ሁለት ጉድጓድና አንድ ትጉህ ሰው ይበቃታል ብዬ ነው የምከራከረው። ኅዳር ላይ በመምህራን ፊት ቆሜ እከላከላለሁ። ካለፍኩ በዚያው ወር አገሬ እገባለሁ። ኤምባሲው ስላዘዘኝ የውጤቱን ግልባጭ ለፋብሪካውም ልኬያለሁ።

ስለ ራሴ ሌላ የምጽፈው የለኝም። ደክሞኛል፤ ግን ደስ የሚል ድካም ነው።

ልጅዎ ሠርካዲስ


ጉለሌ፣ ሚያዝያ 14 ቀን 1976 ዓ.ም.

ልጄ ሠርኬ፤

ሁለቱም ደብዳቤዎችሽ በአንድ ሳምንት ደረሱኝ። እግዚአብሔር ይስጥሽ። ያንቺን መልካም ስሰማ ወገቤ ትንሽ ይቃናል።

የላክሽው ግልባጭ እንደደረሰ የፋብሪካችን የቴክኒክ ኃላፊ ጓድ ግዛቸው አስጠራኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲያየኝ ስሜን ጠርቶ አያውቅም። «ጓድ ዋቅቶላ፣ ቁጭ ይበሉ» አለኝ። የኮከብ ሠራተኛ የምስክር ወረቀት ተሰጠኝ፤ ፎቶግራፌ በሩ ላይ ተለጥፏል። ከጽሑፉ ይልቅ ጆሮዬ ነው ጎልቶ የሚታየው። ሊቆፈር ታስቦ የነበረው ሦስተኛው ጉድጓድና የሚገዛው ማጣሪያም አያስፈልግም ተብሎ ተሰረዘ። ቀበሌያችን ደግሞ «ወንዙ ንጹሕ መሆኑ በውጭ አገር ተመርምሮ ተረጋግጧል» ብሎ ከድልድዩ በታች ያለውን ሜዳ ለአትክልት ማኅበር ሰጠ። ስምንት ሴቶች ናቸው፤ ብርነሽ ሰብሳቢ ሆነች። ጎመንና ቆስጣ ተክለው ከወንዙ ያጠጣሉ።

ልንገርሽ፣ ደስ አለኝ። ደስታው ልክ ያለው አልነበረም። ደሳለች ብትኖር ምን ትል ነበር እያልኩ ብቻዬን ፈገግ ስል ራሴን ያዝኩት። በዚህ ዕድሜ ሰው ፎቶውን ለማየት በዋናው በር ዞሮ ይገባል?

በሁለተኛው ደብዳቤሽ «ጠርሙሶቹ ሥር ለምን ጭቃ ታጣ» ብለሽ ጠይቀሻል። ስለሱ ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ። ግን ጭቃው ለትምህርትሽ ያስፈልግ ነበር ወይ? እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው።

አሳዳጊሽ ዋቅቶላ


ድሬስደን፣ ሰኔ 3 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለአባባ፤

በሽልማትዎ እዚህ ያለነው ሁላችንም ደስ ብሎናል። ስለ ጆሮዎ የጻፉትን ለጓደኞቼ ስተረጉምላቸው ሳቁ።

ስለ ጭቃው ላስረዳዎት። ባዜቃ ውሃው ውስጥ ብቻውን አይዋኝም። ደቃቁ ጭቃ ላይ ይጣበቃል፤ ጭቃው በሄደበት ይሄዳል። ውሃው ተሸካሚ እንደማለት ነው፣ ሸክሙ ያለው ጭቃው ላይ ነው። ጭቃውን መሬት ይይዘዋል፣ ከመሬቱ ወደ ተክሉ ሥር ይገባል፤ ሰው ተክሉን ሲበላ ከሰውነት ቶሎ አይወጣም። ሕፃናትን ይበልጥ ይጎዳል። ስለዚህ ነበር የጠየቅሁዎት። ግን አይጨነቁ፤ በቀዱበት ቀን ወንዙ ረግቶ ቢሆን ነው። አስተማሪዬም እንደዚያ ብለው አልፈውታል።

ጽሑፉ ታትሞ አልቋል፣ ጀርባው ተሰፍቶ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የእርስዎና የእትዬ ደሳለች ስም አለ። ሳልነግርዎ ብቆይ ይሻል ነበር፤ አልቻልኩም።

ልጅዎ ሠርካዲስ


ጉለሌ፣ ሐምሌ 8 ቀን 1976 ዓ.ም.

ልጄ፤

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ደህና ነኝ። ክረምቱ ከብዷል፣ መንገዱ ጭቃ ነው። የቀበሌው ሱቅ ስኳር መጣ ተብሎ ተሰልፈን ውለን ሳይደርሰን ተመለስን።

አሞዎታል ወይ ብለሽ ለክረምቱ እረፍት በመጣው በዳኜ አስጠይቀሽኛል። አላመመኝም። ብርነሽ ከአትክልቱ የመጀመሪያውን ጎመን ቀቅላ አመጣችልኝ፤ ሆዴን ነክቶኛል ብዬ መለስኩላት። «የኮከብ ሠራተኛ ሆድ የኛን ጎመን ናቀ» አለችና ሄደች። ልጆቿ በር ላይ ቆመው ከዚያው ሳህን ሲበሉ አየሁ።

ሌላ የምጽፈው ነበረኝ፤ ዛሬ አልሆነልኝም። ይቅር በይኝ።

ዋቅቶላ


ጉለሌ፣ ነሐሴ 24 ቀን 1976 ዓ.ም.

ልጄ ሠርካዲስ፤

ይህን ደብዳቤ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ውሃውን አጥልዬዋለሁ። ስድስቱንም። ከየቦታው በእንስራ ቀድቼ ቤት አመጣሁና አሳደርኩት። ጠዋት ከላይ ከላዩ በዝግታ ገለበጥኩ፤ ከዚያ ንጹሕ ነጠላ ሁለት እጥፍ አድርጌ አጠለልኩት፣ ከዚያ ወደ ጠርሙሶቹ። ነጠላው ላይ የቀረው ጥቁር ነበር። ግቢ ውስጥ አራገፍኩት።

ለምን ብለሽ ትጠይቂኛለሽ። እኔም ራሴን ጠይቄዋለሁ። ያደግንበት አገር ውሃ አልቅት ነበረበት፤ ለእንግዳ ሳያጠልሉ ውሃ መስጠት ነውር ነው። ደሳለችም አዲስ አበባ ገብታ፣ ከቧንቧ እየቀዳች እንኳ ታጠልል ነበር። አንቺ ደግሞ በሰው አገር፣ በትልልቅ ሰዎች ፊት የእኔን ጠርሙስ ልትከፍቺ ነው። ያንን ቆሻሻ ከነዝቃጩ ልላክላት? ከየት ነው የመጣችው ይሏታል ብዬ አፈርኩልሽ። ያን ዕለት የሠራሁት ይኸው ነው፣ ክፋት አልነበረበትም።

ክፋቱ ኋላ መጣ። ሚያዝያ ላይ ስለ ጭቃው ስትጠይቂኝ ልቤ ጠርጥሮ ነበር። ሰኔ ላይ ስታስረጂኝ አወቅሁ። አውቄም ዝም አልኩ። ለአንቺ ብዬ ነው እያልኩ፣ ጽሑፏ ታትሟል፣ ስማችን ገጹ ላይ ነው እያልኩ ሰነበትኩ። ስጸልይ ግን ነገሩ ሌላ ሆኖ ይታየኝ ጀመር። ከበሩ ላይ ያለውን ፎቶ ነበር የምጠብቀው። ጉድጓድ ጠራጊ ሆኜ ነው ያረጀሁት፤ አንድ ጊዜ ሰው አይቶኛል። ያንን መመለስ ከበደኝ።

መቼም ሰምተሽ ይሆናል፣ ለአሥረኛው የአብዮት በዓል ዝግጅት በየሳምንቱ ስብሰባ ነው። ባለፈው እሑድ እዚያው አዳራሽ፣ በፊት በምናውቀው ቤት ተሰበሰብን። የሂስና ግለ ሂስ ሰዓት ደረሰና ሊቀመንበሩ ጓድ ሾዴ፣ «ግለ ሂስ ያለው» ሲል እጄን አነሳሁ። ሰው ፈገግ አለ፤ ባለፈው ጊዜ ያቀረብኩት ለጥበቃ ተራዬ ዘግይቼ መድረሴን ነበር።

«ጓድ ዋቅቶላ፣ ዛሬ ደግሞ በስንት ሰዓት ዘገዩ?» አለኝ።

«በዘጠኝ ወር» አልኩ።

የቆምኩት ድሮ ምስክርነት ከምንሰጥበት ሁለት እርምጃ ያህል ፈቀቅ ብዬ ነው። ሁሉንም ተናገርኩ። ጠርሙሱን፣ ነጠላውን፣ ጭቃው ምን እንደሚይዝ፣ ወንዙ ተመርምሮ ንጹሕ ነው የተባለው ያልተመረመረ ወንዝ መሆኑን። ጸሐፊው ልጻፈው አልጻፈው እያለ ሾዴን ያያል።

«ይህ የፋብሪካ ጉዳይ ነው፤ እዚያ ያቅርቡት» አለ ሾዴ።

«ጎመኑ ግን የቀበሌ ነው» አለች ብርነሽ ከኋላ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «እንግዲህ ጋሼ፣ ጭቃውን ለጀርመን ነፍገው ለእኛ አበሉን ማለት ነው?»

አዳራሹ ሳቀ። እኔም ሳቄን ለማፈን አፌን ይዤ ነበር። ወዲያው ሳቁ ቆመ፤ ነገሩ ለሁሉም በአንድ ጊዜ የገባቸው መሰለኝ። አንዷ ልጇን አቅፋ ተነሥታ ወጣች።

ለአንቺ ከመጻፌ በፊት ለእነሱ የተናገርኩት አስቤበት ነው። አንቺን ባስቀድም፣ ዝም በል ባትይኝም፣ ልቤ እንድትይኝ ይመኝ ነበር። ኅዳር ላይ በመምህራን ፊት የምትቆሚበትን ጽሑፍ በእጄ እንዳፈረስኩት አውቃለሁ። ይቅርታ የሚለው ቃል ለዚህ ያንሳል፤ ሌላ ቃል ግን አላገኘሁም።

ዋቅቶላ


ድሬስደን፣ ጥቅምት 11 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለአባባ፤

በመጀመሪያ ጤናዎን። ዳኜ ከእረፍት ሲመለስ ሳል ይዞዎት እንደነበር ነግሮኛል።

ደብዳቤዎን አንብቤ ሦስት ሳምንት መልስ አልጻፍኩም። ተናድጄ ነበር። ለማን እንደተናደድኩ ለመለየት ያን ያህል ጊዜ ወሰደብኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ የሠራሁት በአንድ ነጠላ ውስጥ ቀረ ብዬ እንዳለቀስኩ አልደብቅዎትም። ደግሞ ለእኔ ከመጻፍዎ በፊት አዳራሽ ሙሉ ሰው መስማቱ ቆጨኝ። አሁን ሳስበው ትክክል ነበሩ። ዝም ይበሉ እልዎት ነበር። በዚያ ሰሞን በእርግጥ እልዎት ነበር።

ጽሑፌን መልሼ ወሰድኩ። አስተማሪዬ መነጽራቸውን አውልቀው ደብዳቤዎን ቃል በቃል እንድተረጉምላቸው ጠየቁኝ። ስጨርስ፣ «የሰጠሽውን መመሪያ አሳዪኝ» አሉኝ። ግልባጩን አመጣሁ። አንድ ገጽ ነው። የት እንደሚቀዱ፣ እስከ የት እንደሚሞሉ፣ እንዴት እንደሚዘጉ ተጽፏል። ለምን እንደሆነ ግን አንድ መስመር የለም። ጭቃው ለምን እንደሚፈለግ ብጽፍልዎ ኖሮ ነጠላውን ባላነሡ ነበር። እዚህ አገር ላለ ላቦራንት፣ ለላቦራቶሪ ረዳት ቢሆን ሁለት ገጽ እጽፍለት ነበር። ለእርስዎ ያልጻፍኩት፣ አካፋ የያዘ ሰው ምክንያቱን ምን ያደርግለታል ብዬ ሳይሆን አይቀርም። አፌ አላለውም፣ ልቤ ብሎታል። በእርስዎ ቤት ያደግሁ ሰው ነኝ። በዚህ እኔም ይቅርታዎን እለምናለሁ።

የኅዳሩ ቀጠሮ ቀርቷል ማለት ነው። ኤምባሲው እስከ ሰኔ ጊዜ ሰጥቶኛል፤ ከዚያ ጨረስኩም አልጨረስኩም ተመለሺ ብሎኛል። ለፋብሪካውና ለቀበሌው ቁጥሩ ትክክል አለመሆኑን ጽፌ ልኬያለሁ። አዲስ ስድስት ጠርሙስ፣ ለገና እረፍት በሚመጣው በዳኜ እጅ ይደርስዎታል። ከእነዝቃጩ ይሙሉልኝ፣ ወንዙን በጥብጠው ሳይሆን እንደሚወርደው። በዚህ ካልጨረስኩ አልጨርስም።

ልጅዎ ሠርካዲስ


ጉለሌ፣ ታኅሣሥ 19 ቀን 1977 ዓ.ም.

ልጄ ሠርኬ፤

ሳሉ ለቆኛል። ስለ ይቅርታ የጻፍሽውን ደጋግሜ አነበብኩት። አዎ፣ ትንሽ ወጋኝ። እውነት ስለሆነ ነው፤ ይቅር ብዬሻለሁ፣ በዚሁ ይብቃን።

ከጉድጓዱ ተነሥቻለሁ። ጓድ ግዛቸው ጠርቶ፣ «አንተ ዋቅቶላ፣ ሽልማትህን በገዛ እጅህ ትቀድዳለህ እንዴ?» አለኝ። ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ» ለመመለስ ብዙም አልከበደውም። አሁን ዋናው በር ላይ ዘብ ነኝ። ፎቶው ተነሥቷል፣ ሙጫው ግን ግድግዳው ላይ ቀርቷል፤ ቀኑን ሙሉ ከጎኑ ነው የምቀመጠው። የሦስተኛው ጉድጓድ ነገር «ይጠናል» ተብሏል።

አትክልቱ ምን ሆነ ብለሽ ጠይቀሻል። ብርነሽ የራሷን መደብ ነቀለችው። አራት ሴቶች ተከተሏት። ሦስቱ ግን እስካሁን ያጠጣሉ። አንዷን ለምኜ ነበር፤ «ጋሼ፣ ዘንድሮ የሰሜኑን ሰው የሚገድለው ባዜቃ ነው?» አለችኝ። ረሃቡን ነው የምትለኝ። ያው ልጆቿ ይበላሉ፣ እኔ በዚያ በኩል ሳልፍ መንገድ እቀይራለሁ። ይህ ከእኔ ላይ የሚወርድ አይመስለኝም። አልሸሸውም ብዬ ብቻ ነው የምጸልየው።

ጠርሙሶቹን እኔ አልሞላሁም። ከቧንቧው አፍ እንዳልቀርብ ተከልክያለሁ፤ ባልከለከልም ብርነሽ አልፈቀደችም። «እርስዎ አይንኩት፤ እጅዎ ንጽሕና ይወዳል» አለችኝ። ቀሚሷን ሰብስባ እስከ ጉልበቷ ወንዙ ውስጥ ገባች፤ እኔ ዳር ቆሜ ያንቺን ወረቀት አነበብኩላት። ሁለት ጊዜ አስቆመችኝ። «ለምን እንዳይበጠበጥ?» አለች። የማውቀውን ነገርኳት። «ለምን ከድልድዩም ሥር?» አለች። እሱን አላወቅሁትም።

ስድስቱም ላይ ስሟን ራሷ ጻፈች። በመሠረተ ትምህርት የተማረችው ነው፤ ፊደሏ ትልልቅ ስለሆነ «ብርነሽ» የሚለው ጠርሙሱን ዞሮ ሊገናኝ ትንሽ ነው የቀረው። ዳኜ ሰኞ ይነሣል።

ቁጥሩ ሲወጣ ለእኔ አትላኪው። ደግ ሆነ ክፉ፣ ለብርነሽ ጻፊላት፣ አድራሻው በእኔ በኩል ይሁን። እዚያ ላለ ላቦራንት የምትጽፊለትን ሁለት ገጽ ያህል ጻፊላት፣ ከድልድዩ ሥር ያለውንም ጨምረሽ። ቀስ ብላ ነው የምታነበው። ታነበዋለች።

አሳዳጊሽ ዋቅቶላ